ላልተገኘ ነገር የገባ ጥላ

ትርሲት ጥላውን ጭኗ ላይ ዘርግታ ዘርፍ ትሰፋ ነበር። ጥላው ቀይ ከፋይ ነው። ሲገዛም ዘርፍ ነበረው፤ እናቷ አረጋሽ ግን፣ "ይሄ ሳስቷል፤ ለሥላሴ እንዲህ ያለ አይሰጥም" ብላ ሌላ ወርቅማ ዘርፍ ከደብረ ብርሃን አስመጣችና በላዩ ላይ ደርቢበት አለቻት። የልጅ ልጄ ጣቶች ቀጫጭን ናቸው። መርፌውን ከከፋዩ ሥር ታስገባለች፣ በአውራ ጣቷ ትገፋዋለች፣ ክሩን ስባ በጥርሷ ትበጥሳለች። አንዱ ስፌት ከሌላው አይበልጥም፣ አያንስም። ውጭ ሣሩ ላይ ያደረው ውርጭ ገና አልለቀቀም ነበር። እኔ ደጃፉ ላይ ፀሐይ የደረሰበት ቦታ ተቀምጬ አያታለሁ።

የጥር ሥላሴ ተቃርቧል። ጥላው የሚገባው በዚያን ቀን ነው፤ የሚገባውም በትርሲት ስም ነው።

ትርሲት የተወለደችው ከሞላሌ በላይ፣ እኛው ቤት ነው። አባቷ ኪዳነ ገና ድክ ድክ ስትል ሞተ። ልጄ አረጋሽ ገብስ እየዘራች፣ በግ እያረባች ብቻዋን አሳደገቻት። ትምህርት ቤት የገባች ጊዜ በየቀኑ የተማረችውን ይዛ እየመጣች እኔን ታስቀጽለኝ ነበር፤ ፊደል የለየሁት በሷ ነው። ኋላ ሞላሌ ፊዚክስ አስተማሪ ሆነች። ከዚያ የትምህርት ዕድል አገኘችና ኢጣልያ አገር ሄደች። የምትማረው ግን ሌሎች ሰዎች በሌላ አገር በሚያንቀሳቅሱት ማሽን ላይ ነው። ማሽኑ በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር ላይ ከመሬት በታች ተቀብሯል፤ እሷም እሱ የሚያወጣውን መረጃ በኮምፒውተር እየተቀበለች ትመረምራለች።

ምን እንደምትመረምር የነገረችን ለእረፍት በመጣች ጊዜ ነው፤ ሦስታችን ተቀምጠን ገብስ ስንለቅም።

"እማማ፣ ይቺን ፍሬ ቢፈጯት ምን ትሆናለች?" አለችኝ።

"ዱቄት።"

"ዱቄቱንስ ቢፈጩት?"

"ዱቄት ደግሞ ምን ይፈጫል? ይቦካል እንጂ።"

ሳቀች። "እየደጋገምን ብንፈጨው መጨረሻ ላይ አቶም የሚባል ነገር ላይ እንደርሳለን። አቶሙ መሀል አስኳል አለው። አስኳሉ ውስጥ ፕሮቶን የሚባል አለ። ፕሮቶኑ ውስጥ ደግሞ ሦስት ነገሮች አሉ፤ ኳርክ ይባላሉ።"

"ሦስት?"

"ሦስት።"

"በአንድ ውስጥ?"

"ኧረ እማማ፣ ወደዚያ እንዳይሄዱብኝ! መምሬ ይሥሐቅ ቢሰሙ ያወግዙኛል።"

አረጋሽ እንኳ ሳቀች። ከዚያ ትርሲት አንድ ነገር ነገረችን፤ እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። ኳርክ ብቻውን አይገኝም አለች። አንዱን ከጓደኛው ለመለየት ሲስቡት የያዛቸው ኃይል አይላላም። ልክ እንደ ጠፍር እየተወጠረ ይሄዳል፤ ሲበጠስም በተበጠሰበት ቦታ ሌሎች ኳርኮች ይወለዱና ሁሉም እንደገና ጓደኛ ያገኛል።

"ደግ ናቸው እንግዲያው" አልኩ። "ብቻውን የሚቀር የለማ።"

አረጋሽ አንገቷን ደፍታ ገብሷን መልቀም ቀጠለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሌላ አላገባችም፤ ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ያሰብኩት።

ትርሲት እንደነገረችን ከድሮ ጀምሮ የሚታወቁት ኳርኮች ሁለት ሁለት ወይም ሦስት ሦስት ሆነው የሚኖሩት ናቸው። ባለፉት ዓመታት ግን አራትም አምስትም ሆነው የተገኙ አሉ። እነዚያን ያገኟቸው ሌሎች ሰዎች ናቸው፤ ደጋግመው አጣርተዋቸው ጸንተዋል። አሁን ሊቃውንቱ የሚከራከሩት፣ አራቱ በአንድ ጎጆ ተጠጋግተው ነው የሚኖሩት ወይስ ሁለት ጎጆ ሆነው በአንድ አጥር ውስጥ ነው ያሉት በሚለው ላይ ነው። ትርሲትና ጓደኞቿ ደግሞ እስከ ዛሬ ማንም ያላየው ሌላ ባለአራት ይኖራል ብለው ይፈልጉ ነበር።

"እንዴት አድርጋችሁ ታዩታላችሁ?" አልኳት።

"እሱን አናየውም። ዓይን ከሚርገበገብበት እጅግ ባነሰ ጊዜ ተወልዶ ይበተናል። የምናየው ስብርባሪውን ነው። ስብርባሪውን ደምረን የወላጁን ክብደት እናወጣለን። እንዲህ እያልን ብዙ ብዙ ጊዜ ስንደምር አንድ ክብደት ላይ ብቻ ጉብ ያለ ነገር ከወጣ፣ እዚያ ጋ አንድ ነገር አለ እንላለን። ካልወጣ ሜዳ ነው።"

ጉብታ ይወጣበታል ብለው ያሰቡትን ቦታ ግን ቶሎ አይመለከቱትም። ይዘጉታል። ሌላውን ሥራ ሁሉ ጨርሰው፣ አሠራሩ ልክ ነው ብለው ሁሉም ከተስማሙ በኋላ ነው የሚከፍቱት፤ ጓጉተው ያልነበረውን አየን እንዳይሉ። ይሄ ሳትጨርስልኝ ገባኝ። እኔ የጌራ ልጅ ነኝ። ጓሳ የሚባለው የሣር መሬት አለን፤ ሣሩ እንዲያድግ ለዓመታት ይዘጋና የሚከፈትበት ቀን በሽማግሌ ተወስኖ ለሁሉም ይነገራል። ከዚያ በፊት ማጭድ ይዞ የገባ ይቀጣል።

"ልክ እንደሱ ነው!" አለች ትርሲት። "እንደ ጓሳ ነው፣ እማማ።" ደስ ብሏት ጉልበቴን ሳመችኝ።

ነገሩ የተበላሸው ከዚህ በኋላ ነው። እነትርሲት መጀመሪያ ግማሹን መረጃ ከፈቱ። ጉብታው ታየ። የዚያን ቀን ሞላሌ ገበያ ወርደን ሳለ ለእናቷ ደወለች፤ እኔም ከስልኩ ጆሮዬን አስጠግቼ ሰምቻለሁ።

"እምዬ፣ ታየ! ግን ገና ነው፤ የቀረው ግማሽ ሲከፈት ነው የሚረጋገጠው።"

አረጋሽ ስልኩን ሳትዘጋ እልል አለች። ልጇ የሄደችለትን ነገር ካየች ለሥላሴ ጥላ አስገባለሁ ብላ ተስላ ነበር። አየች፤ አለቀ። ገና ነው የሚለውን እኔ ሳስታውሳት፣ "እማ፣ የታየ ነገር ታይቷል፤ ምኑ ነው የሚረጋገጠው?" አለችኝ። ሙክቶቿን ሸጠች፣ ጥላውን ገዛች፤ ያልሰማ ሰው እስኪጠፋ ድረስም አወራች። ጎረቤታችን ጌታነሽ እየመጣች ታሾፍባታለች። "በዓይን የማይታይ ነገር ፍለጋ ባሕር ተሻገረች? እኔ የጠፋች በጌን ፈልጊልኝ ብላት አይመቸኝም ያለችኝ ልጅ?" ትላለች። አረጋሽም አታስቀርላትም፤ "በግሽ ክብደት የላትማ! ብትበተንም ስብርባሪ አይገኝላትም።"

እንግዲህ ትርሲት ለገና መጣች፤ እናቷን ማስቆም አልቻለችም። "ቆይ፣ የቀረው ይከፈት፤ ለከርሞ ሥላሴ ይግባ" ብትላትም፣ "ስለት አይዘገይም" አለቻት። ስለዚህ ተቀምጣ ዘርፍ ትሰፋ ነበር። አንዳንዴ እጇ ይቆምና ወደ ስልኳ ትመለከታለች።

ረፋዱ ላይ፣ "እማማ፣ ቋጥኙ ጋ ልውጣ" አለችኝ። ስልክ የሚሠራው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለው ቋጥኝ ላይ ሲወጡ ብቻ ነው፤ እሱም ሲያሰኘው። ምርኩዜን ይዤ ተከተልኳት። እሷ ወጣች፤ እኔ ከሥሩ ተቀመጥኩ። የደወለችው አብሯት ለሚማር አትናቴዎስ ለሚባል የጎጃም ልጅ ነው።

"ሄሎ? አትናቴዎስ? ይሰማሃል?... ተከፈተ?... ኧረ ተናገር፣ አታንጠልጥለኝ።" ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች። "ሁለቱ ሲደመሩስ?... እህ።... የኔን ክፍል ደግመው አዩት?... እሺ።... እሺ አልኩህ እኮ።... አይ፣ ደህና ነኝ። ቤት ነኝ። ውርጭ ነው።"

ከቋጥኙ ስትወርድ ነጠላዋን ነፋስ ወስዶት ሾህ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ አላየችውም። እኔ አነሳሁላት።

"የለም፣ እማማ።"

"ምኑ?"

"ጉብታው። አዲሱ መረጃ ሲገባበት ሜዳ ሆነ።"

"ማን ወሰደው?"

"ማንም አልወሰደውም። መጀመሪያም አልነበረም።"

"ተሳስተሽ ነው?"

"አልተሳሳትኩም። ማንም አልተሳሳተም። እንዲህ ይሆናል፤ አጋጣሚ ሲደራረብ ያለ ይመስላል።" አጠገቤ ቁጭ አለች። "ያዘንኩት ለሥራው አይደለም፣ እማማ። እዚያ አልተገኘም ብሎ መጻፍም ሥራ ነው፤ እንጽፈዋለን። ለሥላሴ ግን ምን እላለሁ? በአገሬ ሰው ፊት ሐሰተኛ ሆኜ እንዴት እቆማለሁ? ከዚያ በኋላስ እዚህ በምን ፊቴ እመጣለሁ?"

ልጅ ሲያተኩሰው ዳማ ከሴ ጨምቄ አጠጣለሁ። ሲወድቅ አሻለሁ። ለዚህ ምን እንደሚደረግ አላወቅሁም። እጇን ያዝኩ፤ እጇ እንደ በረዶ ቀዝቅዟል፣ የኔም አይሞቅም።

ቤት ገብታ ለእናቷ ነገረቻት። አረጋሽ ገብስ በሙቀጫ እየፈተገች ነበር፤ ዘነዘናውን ሳታስቀምጥ ሰማቻት።

"ታየ አላልሽኝም?"

"ብዬሻለሁ። በአጋጣሚ ተደራርቦ ነው። እዪ፣ እምዬ፤ የማኅበሩ ጽዋ ዕጣ ሲወጣ ለእትዬ ጌታነሽ ተከታትሎ አልወጣላትም? ዕጣው እሷን መርጦ ነው? አይደለም፤ እንዲያው ገጥሞ ነው። ደጋግመን ብናወጣው ለሌላውም ይደርሳል። የኛም እንደሱ ነው።"

"እንዲያው ገጥሞ?" አረጋሽ አሁን ዘነዘናውን አቆመችው። "ለጌታነሽ የደረሳት ቅዱሱ ቤቷን ወዶ ነው። ዕጣ ዝም ብሎ ይወጣል? አስተማሪ ሆነሽ እንዲህ ትያለሽ?"

ትርሲት እንዳግዛት ወደ እኔ አየች። ምን ልበል? እኔም እኮ ዕጣ ሲወጣ አማትቤ ነው የማነሳው።

በማግስቱ ሁለቱ ተያይዘው ደብሩን ወደሚያስተዳድሩት ወደ መምሬ ይሥሐቅ ሄዱ፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። መምሬ አስተዋይ ሰው ናቸው። ትርሲትን እስከ መጨረሻው አዳመጧት፤ ያልገባቸውንም ጠየቋት። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

"አረጋሽ፣ ለሥላሴ መስጠት ማንም አይከለክልሽም። አንቺም ልጄ፣ ያላገኘሽውን አላገኘሁም ማለት ማንም አይከለክልሽም። ስለቱ ሲነገር እዚያው ሕዝቡ ፊት ተናገሪ። ሐሰት አይሆንብሽም።"

ስንመለስ የትርሲት ፊት ፈታ ብሎ ነበር። አረጋሽ ግን ከኛ ቀድማ ወደፊት ወደፊት ትራመድ ነበር።

ሥላሴ ደረሰ። ታቦቱ ወጥቶ ዑደት አደረገ፤ ከዚያ ዛፎቹ ሥር ስለት መነገር ጀመረ። ዲያቆኑ በድምፅ ማጉያ ይጠራል፤ ምንጣፍ፣ ጧፍ፣ መጋረጃ ያመጡ ሰዎች በተራቸው ይወጣሉ። የአረጋሽ ተራ ሲደርስ ጥላው ተዘረጋ። ወርቅማውን ዘርፍ ፀሐይ ሲመታው አምሮ ነበር፤ ይሄን አልደብቅም።

"ወይዘሮ አረጋሽ!" አለ ዲያቆኑ። "ልጃቸው ትርሲት ኪዳነ በባሕር ማዶ ዓለም ያላየውን ፍጥረት እንድታይ ተስለው፣ ስለታቸው ሰምሮ ይህን ጥላ አስገብተዋል!"

እልልታው ጋራውን ሞላው። ትርሲት ወደ ዲያቆኑ ሄዳ ድምፅ ማጉያውን ለመነችው። መምሬ ይሥሐቅ ራሳቸውን ነቀነቁለት፤ ሰጣት።

"ወገኖቼ፣ ስሙኝ" አለች። ማጉያውን ወደ አፏ አስጠጋች። "እኔ ምንም አላገኘሁም። ያየን መስሎን ነበር። ስናጣራው የለም። እናቴ ጥላውን ለሥላሴ ሰጥታለች፤ ይባረክላት። እኔ ግን አዲስ ነገር አገኘሁ ብል ውሸት ነው። አላገኘሁም።"

ሕዝቡ ጸጥ አለ። ሰሙላት፣ አልኩ በሆዴ።

ያን ጊዜ መሪጌታ ባስልዮስ መቋሚያቸውን ይዘው ብድግ አሉ። ዕድሜ ልካቸውን ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ አገሩ ሁሉ ያከብራቸዋል።

"አያችሁ!" አሉ ጮክ ብለው። "አያችሁ መማር ማለት! ጥሬ ሰው አንድ ፊደል ሲያውቅ አወቅሁ ይላል። የበሰለ ግን እንዲህ ነው፤ ባሕር ተሻግሮ፣ ረቂቁን ፍጥረት አይቶ፣ ምንም የለኝም ይላል! ይቺ ልጅ የኛው የቆሎ ተማሪ ትመስላለች!"

እውነታቸውን ነው፤ በቤተ ክርስቲያናችን ትልቅ ሊቅ ምን ያውቃሉ ቢባል ምንም አላውቅም ነው የሚለው። እንዲህ ሲል ሕዝቡ ይበልጥ ያከብረዋል። እኛ ከዚህ ሌላ ዓይነት "አላገኘሁም" አናውቅም።

"መሪጌታ፣ ትሕትና አይደለም!" አለች ትርሲት በድምፅ ማጉያው። "እውነቴን ነው የምላችሁ!"

"ይኸው ደገመችው!" አሉ መሪጌታ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ።

እልልታው ከፊተኛው በረታ። ሴቶቹ ቀሚሷን ይዘው ይስሟታል። ትርሲት ድምፅ ማጉያውን እንደያዘች ቀረች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ የምትለው ግን አይሰማም። መምሬ ይሥሐቅ ፊታቸውን ወደ ታቦቱ አዞሩ። አረጋሽ ታለቅስ ነበር፤ የደስታ ነው።

እኔ ትርሲት ጋ ለመድረስ ብዬ በሰው መሀል ገፋሁ። ጌታነሽ ደገፈችኝና፣ "ምን ዓይነት ልጅ አሳደጋችሁ፣ እማማ! እኔ ስታዘባት የኖርኩ ይቅር በሉኝ" አለችኝ።

"ጌታነሽ፣ እውነቷን እኮ ነው። አላገኘችም" አልኳት።

"እርስዎም ከሷ ተማሩ?" ብላ ሳቀች።

ትርሲት ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየችም። ሞላሌ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት፤ አውቶቡሱ እስኪሞላ ዛፍ ሥር ቆምን። መንገድ ላይ ያገኘን ሰው ሁሉ፣ "እንኳን ደስ አለሽ" ይላታል። ሽማግሌዎች ቆባቸውን አንስተው ያልፋሉ። እሷም መጀመሪያ፣ "አላገኘሁም እኮ" ትል ነበር። በኋላ ተወችው፤ "አሜን" ብቻ አለች።

"እማማ" አለችኝ፣ "እዚያ አልተገኘም ብዬ ስጽፍ ማንም አያጨበጭብልኝም፣ ግን ያምኑኛል። ሌላው ሰው እኔ የፈለግሁበት ቦታ መልሶ እንዳይለፋ ያደርገዋል። እዚህ ግን ባልኩ ቁጥር ይብስባቸዋል። ምን ባደርግ ይሻላል?"

"አላውቅም፣ ልጄ።"

"እኔም አላውቅም። ለከርሞ ሥላሴ አልመጣም። እንዳይቀየሙኝ።"

አውቶቡሱ ላይ ወጣች፤ በመስኮቱ እጇን አወጣችልኝ፣ ያዝኳት። መኪናው ሲነሳ ለቀቅሁ።

ለአረጋሽ የልጇን ቃል ነገርኳት። "ሥራ ይዟት ነው" አለች። አይደለም፣ በውሸት ስም መመስገኑ ከብዷት ነው ብላት፣ "እማ፣ እርስዎም እንደሷ ሆኑብኝ?" ብላ ወደ ጓሮ ወጣች። ሁለተኛ ብነግራት ትቀየመኛለች፤ ዝም ብላት ደግሞ ትርሲት ትቀራለች። አረጋሽ አሁንም ሰው ሲመጣ የልጇን ነገር ታወራለች፤ ባለፈው ጊዜ እንዲያውም ፍጥረቱ በዓይን ይታይ እንደሆነ ሲጠይቋት፣ "ለሷ ይታያታል" ስትል ሰማሁ።

ሌላ የማደርገው ስላጣሁ ነው ይህን የጻፍኩት። እናንተ በጥር ሥላሴ እዚያ የነበራችሁ፣ ወይም ከነበረ ሰው የሰማችሁ፦ ልጅቱ ያለችው እውነት ነው። ፈልጋ ነበር፤ በደንብ ፈልጋ ነበር፤ የፈለገችው ግን አልተገኘም። ይህን ላልሰማ ጎረቤት አንብቡለት። መሪጌታንም የምታገኟቸው ካላችሁ በአክብሮት ንገሯቸው። አረጋሽን በገበያ ካገኛችኋት ስለ ጥላው አመስግኗትና፣ "ልጅሽ ግን አላገኘሁም ያለችው እውነቷን ነው" በሏት፤ ከኔ አልተቀበለችኝም፣ ከብዙ ሰው ስትሰማው ትቀበል ይሆናል። ትርሲትም ምናልባት አንድ ቀን ከሞላሌ አውቶቡስ ስትወርድ ካያችኋት፣ እባካችሁ እልል አትበሉባት። እንዴት ነሽ በሏት፤ አላገኘሁም ስትላችሁ እመኗት።